የእትዬ ሉባባ «ሉ»

ወደፊት አማቴ ይሆናሉ ብላችሁ የምትመኟቸውን ሴትዮ፣ ኮምቦልቻ ዋናው አስፋልት ዳር፣ አራት ሜትር በሚረዝም ሸራ ላይ «ሌባ» ብላችሁ ጽፋችሁባቸው ታውቃላችሁ? እኔ ጽፌያለሁ። ያውም ፊደሉን ደህና አድርጌ አወፍሬ፣ ከሩቅ እንዲነበብ ተጨንቄ። ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም። ግን ሆን ብሎ የሚጽፍ ሰው ራሱ እንደኔ አያሳምረውም።

ሥራዬ ማስታወቂያ መሥራት ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ወንበር አለችኝ፤ አንደኛው ወንበር የሚያስቀምጠው ሚዛኑን የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። የሱቅ ስም፣ የሠርግ ጥሪ፣ የምረቃ ባነር እሠራለሁ። በከተማችን ግድግዳዎች ላይ «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው» ከሚሉት ማሳሰቢያዎች ብዙዎቹ የእኔ እጅ ሥራ ናቸው። ሰዉ ማሳሰቢያውን አይሰማም እንጂ አጻጻፉን የነቀፈ የለም።

የምሠራበት የሥዕል ፕሮግራም ፊደልን የሚይዘው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ መስመር ነው። ቬክተር ይሉታል። ስለዚህ ያው ፊደል በጣት በምትያዝ ካርድም ላይ፣ በፎቅ ግድግዳም ላይ ሳይደበዝዝ ጥርት ብሎ ይወጣል። መስመሩ ላይ ደግሞ ኢፌክት የሚባሉ ነገሮች ይጨመሩበታል፤ አንዱ ጥላ ያጠላል፣ አንዱ ያወፍራል፣ አንዱ ሹል ጥጎችን ያለሰልሳል። የጨመራችኋቸው ሁሉ ስክሪኑ ቀኝ ጎን ላይ አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድረው ይታያሉ። ያንን ዝርዝር ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አይቼዋለሁ። አንድም ቀን «አንተ ለምን እንዲህ ተደረደርክ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ገበያ የሚላክ ሰው ኪሱ ውስጥ እንደሚይዛት ወረቀት ነበር የሚመስለኝ፤ ሽንኩርቱ ቀደመ ቲማቲሙ፣ ዞሮ ዞሮ ዘንቢሉ ይሞላል።

አሁን ወደ እትዬ ሉባባ እንምጣ። እትዬ ሉባባ የዘምዘም እናት ናቸው። ዘምዘም ደግሞ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ እኔን ለማግባት እሺ ያለች፣ ማለትም በሌላው ነገር ሁሉ አስተዋይ የሆነች ልጅ ናት። እኔና እሷ ተስማምተናል። የቀሩት እናቷ ብቻ ናቸው። እትዬ ሉባባ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል፤ ሰው ቤታቸው ሲገባ ሰላምታውን መልሰው ሳይጨርሱ የደረቱን ስፋት ያውቁታል። እኔን መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና ወደ ልጃቸው ዞረው «ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል» አሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ግራ ትከሻዬን ሽቅብ ተሸክሜ ኖርኩ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሁሉ ሳሎናቸው ውስጥ ሲሰፉ ኖረው በመጨረሻ አስፋልት ዳር ሱቅ ከፈቱ። ዘምዘም «ማስታወቂያውን እሱ ይሥራልሽ» አለቻቸው። እሳቸውም «እስቲ ይሥራ» አሉ። «እስቲ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ፈተና መሆኑ ገብቶኛል።

«ሉባባ ልብስ ስፌት» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ሹል ሹል ስለሆነ ማለስለሻውን ኢፌክት ጨመርኩበትና ሐር የመሰለ ነገር ወጣው። ለዘምዘም ስልክ ላክሁት። ወዲያው መልስ መጣ። «እማ ወዳዋለች። ግን ቀጠነ ትላለች። ከማዶ የሚሄድ ሰው ያንብበው ትላለች።»

ወዳዋለች! ወንበሬ ላይ ብድግ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሚዛን የሚያስጠብቀው ወንበር ነበርና ወደቅሁ። ተነሥቼ ማወፈሪያውን ኢፌክት ጨመርኩ። እሱም ዝርዝሩ ላይ ከማለስለሻው ሥር ገብቶ ተቀመጠ። ፊደሎቹ እንደ ሊጥ ነፉ። አየሁት፤ «ሉባባ» ይላል። ደግሜ አየሁት፤ «ሉባባ» ይላል። እንዴት አይል! አራት ወር ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ከዚህ ስም ሌላ አልነበረም፤ ባዶ ወረቀት ብታሳዩኝም ሉባባ ብዬ አነብላችሁ ነበር። አሳተምኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሸራውን ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጣሪያ ላይ እንዲጫን አልፈቀድኩም፤ ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የሄድኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ምንጣፍ ነው ልጄ?» አሉኝ። ትዳሬ ነው ልላቸው ቃጣኝና «አዎ አባባ» አልኳቸው።

ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። እትዬ ሉባባ ያስተማሯቸው ልብስ ሰፊዎች፣ ጎረቤቶች፣ ዘመዶች። ዱዓ ተደረገ፣ ተምር ዞረ። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ሸራውን አሰርኩና የተጠቀለለበትን ገመድ ፈታሁት። ሸራው ሸርተት ብሎ ተዘረጋ።

«ማሻአላህ!» አለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ።

 መጀመሪያ ያነበበው ግን በዚያ ሲያልፍ የቆመ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። አንገቱን በጎን አውጥቶ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል እየለየ፣ «ሌ... ባ... ባ... ልብስ ስፌት» አለ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ «የአላህ ያለህ! እንዲህ በግልጽ የሚናገር ልብስ ሰፊ ዛሬ ገና አየሁ!»

አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ታዲያ ያኔ ከቀሚሴ የተረፈው ጨርቅ...» ብላ ጀመረች። ሳቁ ፈነዳ።

ልብስ ሰፊ የሚታማው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በተራፊ ጨርቅ ነው። እትዬ ሉባባ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጣት ስፋት የምታክለዋን ቁራጭ እንኳ በፌስታል ቋጥረው ከልብሱ ጋር የሚመልሱ ሴት ናቸው። ደንበኛው «ይቅር፣ ምን ይሠራልኛል» ቢል እንኳ «ያንተ ነው፣ ውሰደው» ይላሉ። እንግዲህ በእኚህ ሴት ሱቅ ላይ ነው የጻፍኩት።

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ቀና ብዬ አየሁ። ሉ ማለት ከቀኝ እግሯ መሀል ወደ ጎን የምትዘረጋ አጭር እጅ ያለቻት ፊደል ናት። ያቺ እጅ የለችም። በቦታዋ አንድ ድቡልቡል ኳስ ተንጠልጥሎ፣ በክብደቱ ወደ እግሯ ጫፍ ወርዷል። «ስፌት» የሚለው ቃል ላይ ያለችው የፌ ቀለበትም በውፍረቱ ተደፍና እንደዚያው ኳስ መስላለች። ስለዚህ ፌን ፌ ብሎ ያነበበ ዓይን ሉን ሌ ብሎ ቢያነብ ምን ይፈረድበታል?

«ቆይ! ቆይ! አስተካክለዋለሁ!» አልኩ። ከአንድ ጎረቤት ነጭ ቀለምና ብሩሽ አስመጣሁና ኳሱን ከዳርና ከዳር መሸራረፍ ጀመርኩ።  ኳሱ አነሰ፣ አነሰ፣ አነሰና ከፊደሉ ተላቀቀ። አሁን ለ አለች፣ ከአጠገቧ አንዲት ነጥብ አለች፣ ከዚያ ባባ አለ። ያ ባጃጅ ሰው አድርሶ ሲመለስ ፍሬን ያዘና «አሁን ደግሞ ምህጻረ ቃል ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ መልስ እየጠበቀ ነበር።

እትዬ ሉባባ ከበሩ ሥር ቆመው «አውርደው» አሉ። አወረድኩት። ተቀበሉኝና አራት ሜትሩን ሸራ ብቻቸውን፣ ጥግ ከጥግ አግጥመው፣ አንዲት እጥፋት ሳትዛነፍ አጥፈው መልሰው ሰጡኝ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ዘምዘም እስከ ሚኒባስ መናኸሪያው ሸኘችኝ። «እማ ስትቆጣ ደህና ናት። ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው» አለችኝ።

«አሁን ምን አሉ?»

«ዝም።»

እሑድን ከላፕቶፑ ጋር ስታገል ዋልኩ። ውፍረቱን ቀነስኩ፤ ኳሱ አነሰ፣ ነገር ግን ፊደሉ ሁሉ ከሲታ ሆነ። ማለስለሻውን አጠፋሁ፤ ኳሱ ጠፋ፣ ፊደሎቹ ግን እሾሃማ ሽቦ መስለው ልብስ የሚሰፉ ሳይሆን ልብስ የሚቀድዱ ሆኑ። ማለስለሻውን ጨመርኩ፤ ኳሱ ጭራሽ ደለበ። ጥላ ባጠላበት ዓይን ያሳስታል ብዬ ጥላ አከልኩ፤ ኳሱ ከነጥላው ብርቱካን መሰለ፣ ላጥ አድርገህ ብላኝ ብላኝ ይላል። ሉን ብቻ ለይቼ ቀጭን ባደርጋትስ አልኩ፤ በፈርጣሞች መሀል የቆመች በሽተኛ መሰለች። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ሌ ሌ ናት።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል እትዬ ሉባባ ናቸው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛ ዘመዳቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ነው። ዘምዘም ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ «እኔ የለሁበትም» ትለኛለች።

ሰላምታውን መለስኩ፣ ደህናውን ወንበር በእጅጌዬ ጠረግሁ፣ ትከሻዬን ከፍ አደረግሁ። «እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ወላሂ...»

«አፉ ብያለሁ። አሳየኝ» አሉና ተቀመጡ።

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩ። መነጽራቸውን አድርገው ስማቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ምን ምን አደረግህ? ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ጻፍኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሹሉን አለሰለስኩት።»

«ከዚያስ?»

«ቀጠነ ስላሉ አወፈርኩት።»

ጣታቸውን ኳሱ ላይ አደረጉ። ጣታቸው በመርፌ የደነደነ፣ ጥፍሩ አጭር የተቆረጠ ነው። «ይህቺ እጇ ስታለሰልሳት ቀጭን ነበረች?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲህ ቀጭን እያለች ሹሏን ስታጠፋባት ጫፏ ሁለመናው ድቡልቡል አለ። ድቡልቡሉን ስታወፍረው ኳስ ነዋ የሚሆንልህ! መጀመሪያ አወፍራት። ከወፈረች በኋላ ብታለሰልሳት ጥግ ጥጓ ብቻ ይለዝባል፤ እጅነቷን አትለቅም።»

አሁን ራሴን የማማው እዚህ ላይ ነው። ፈገግ አልኩ። የስድስት ዓመት ባለሙያ ነኛ! «እትዬ፣ እሱ በእጅ ሲሠራ ነው። እዚህ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። የቱም ቢቀድም ያው ነው።»

«ያው ነው?» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም። «ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሙሽራ ጥጥ ጨርቅ አመጣችልኝ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። አጥቤ ተኩሼ ልስጣት ብዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ተኮማተረ። እጅጌው ክርኗ ጋ ቀረ። አስቀድሜ ነክሬው ኋላ ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ልክክ ይልላት ነበር። መቀሱ ያው መቀስ፣ ውሃው ያው ውሃ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ለራሴ ሠርግ የሰፋሁት ቀሚስ ነበረኝ። እሱን ፈትቼ በሷ ልክ ሰፋሁላት። እስከ ዛሬም አታውቅም።»

ዘምዘም «እማ!» አለች። እሷም ሰምታው አታውቅም ነበር።

እኔ ግን ደረቅ ነኝ። ምንም እንደማይለወጥ ላሳያቸው ብዬ ከታች ያለውን ማወፈሪያ በማውስ ያዝኩት፣ ወደ ላይ ጎትቼ ከማለስለሻው በላይ አደረግሁትና ለቀቅሁት።

ሌ ሉ ሆነች።

እንዲያው ዝም ብላ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሉ ሆነች። ኳሱ ተሰብስቦ ገባና በቦታው አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጥጓ የለዘበ እጅ ወጣች። «ሱብሃነላህ» አልኩ።  ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልቀነስኩም። ፊደሉ ያው ፊደል፣ ኢፌክቱ ያው ኢፌክት፣ የመጠናቸው ቁጥር እንኳ አልተነካም። የተለወጠው የቱ ይቅደም የሚለው ብቻ ነው። በዚያች ብቻ አንዲት የተከበረች ሴት ሌባ ከመሆን ዳነች።

ያኔ ነው የገባኝ። ፕሮግራሙ ፊደሌን መጀመሪያ ከላይ ላለው ኢፌክት ይሰጠዋል። እሱ የፈለገውን አድርጎ ለታችኛው ያቀብለዋል። ታችኛው እኔ የጻፍኩትን ፊደል አይቶት አያውቅም! እሱ የሚያውቀው ከላይ የመጣለትን ብቻ ነው፤ ኳስ ከሰጡት ኳስ ያወፍራል። ስድስት ዓመት ሙሉ የገበያ ወረቀት ሲመስለኝ የኖረው ዝርዝር ለካ መንገድ ነው፤ ከላይ ተገብቶ ከታች የሚወጣበት።

«ሦስት ቢሆኑስ?» አለች ዘምዘም፤ ወንበሬ ጀርባ መጥታ ቆማለች። በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስቱ በስድስት ዓይነት ይደረደራሉ። አራቱ በሃያ አራት። ዐሥርስ? ስልኳን አውጥታ አባዛች። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ይላል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሸራ ባትምና ባነጥፈው የደሴንና የኮምቦልቻን መንገድ ስንት ጊዜ እንደሚያለብሰው ማሰብ ጀምሬ ራሴን አዞረኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን፣ እሱንም በአጋጣሚ፣ እየያዝኩ ነበር ባለሙያ ነኝ የምለው። እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ጫማ ቤት አለ፤ የስሙ ጥላ ወደ ሰማይ የወጣ። መጀመሪያ ጥላውን ሠርቼ ኋላ ስሙን ከታች ወደ ላይ እንዲነበብ ስላቆምኩት ነው ለካ! እኔ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አታሚዎቹን ስረግም ነበር። ለእነሱም አፉ በሉኝ።

ሸራው እንደገና ታተመ፣ ሰኞ ተሰቀለ፣ ከማዶ ይነበባል፣ አላህ ይመስገን። እኔ ግን ከዐይኔ የማይጠፋው የዚያች እሑድ ነገር ነው። እትዬ ሉባባ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው «መልሰው እስቲ» አሉኝ።

ማወፈሪያውን ወደ ታች መለስኩት።

«ሌባባ» ብለው አነበቡ። «አሁን አውጣው።»

አወጣሁት።

«ሉባባ። አንዴ ደግሞ ሌባ አድርገኝ።»

«እትዬ፣ እኔስ ይበቃኛል...»

«አድርገኝ አልኩህ!»

አደረግኋቸው። ከዚያ ማውሱን ከእጄ ወሰዱት። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና መዘውር ያዞረው እጅ ማውሱን ቀስ አድርጎ ያዘው፣ ሳይስት ማወፈሪያውን ወደ ላይ ጎተተው። ሉባባ ሆኑ። መለሱት፤ ሌባ ሆኑ። ሉባባ ሆነው ደግመው ሌባ ሆኑና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደንግጬ ዘምዘምን አየኋት። እየሳቁ ነበር። ድምፅ የሌለው፣ እንባ የሚያስፈስስ ሳቅ። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉትና እንደገና አደረጉት።

«እንዲህ ያለ ነገር በዚህች ዕቃ ውስጥ አለ?» አሉ፤ ለእኔም ለልጃቸውም አልነበረም። «በአንዲት ፊትና ኋላ?»

ማውሱን ሳይለቁ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ «ሽማግሌ የሚሆኑ ሰዎች አሉህ?» አሉኝ።

 «አ... አሉኝ፣ እትዬ። ለጁምዓ ኮምቦልቻ፣ እርስዎ ዘንድ ልላካቸው?»

እጃቸው ቆመ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ታላቅ ወንድሜ ሐርቡ ከተማ ቁጭ ብሎ፣ ከእኔ ትጀምራለህ? አንተ ልጅ፣ አሁን ምን ስናይ ዋልን? መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። እኔ ጋ ከዚያ ነው።»

ወረቀት ፈልጌ፣ ሁለት መስመር አድርጌ ጻፍኩት፤ ሐርቡን ከላይ፣ ኮምቦልቻን ከታች።